ኤሊው ታገሰና ከባሕር ማዶ የመጣችው እመቤት

ተረት ላምጣ?

አምጣ!

ከወዴት ላምጣው?

ከድሮ ደጃፍ!

እንግዲያ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፤ እንቅልፍ የከጀለው ዐይኑን አሸት አሸት ያድርግ። ሥራ አለብኝ የሚል ካለ ሥራውን ይዞ ይውጣ፤ በኋላ ግን "ምን ሆነ? ምን ሆነ?" እያለ እንዳይነዘንዘኝ። ሁለት ጊዜ አልናገርም።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ እንደኛ ሲናገሩ፣ ዕቃውም እንደ እንስሳቱ ሲናገር፣ ከቆላው ሜዳ ጫፍ ታገሰ የሚባል አንድ ኤሊ ነበር። ታገሰ ደግ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጎመን ተካይ ነው። አንድ ጥፋት ብቻ ነበረበት፤ ይዘገያል። ለወንድሙ ሠርግ ተጠርቶ ሲደርስ የወንድሙ ልጅ ሠርግ ሆኖ ጠበቀው። በላ፣ ጠጣ፣ ጨፈረ፣ ሙሽራው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተመለሰ። ለጎረቤት ለቅሶ ሲደርስ ደግሞ ተዝካሩ ተበልቶ፣ ድስቱ ታጥቦ፣ ባልየው ሌላ አግብቶ ነበር።

የታገሰ እናት እማማ አቆየሽ ከሰባት ጋራ ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ዋኔ የምትባለው ወፍ ከዚያ መጣችና ከታገሰ ጎመን መደብ ላይ አረፈች።

"ጋሽ ታገሰ፣ ከእናትህ መልእክት አለህ።"

"ምን አሉኝ?"

"'ልጄ ሆይ፣ ሁለት መቶ ዓመቴን ደፈንሁ። ዐይኔ ደከመ፣ ጉልበቴም ከዳኝ። ሳልሞት ና፤ ግንባርህን ይዤ እትፍ እትፍ ብዬ ልመርቅህ' ብለውሃል።"

ታገሰ ይህን ሲሰማ እንባው ዱብ ዱብ አለ። በዚያ አገር ምርቃት በመልእክት አይሄድም። የመራቂው ምራቅ ከተመራቂው ግንባር ላይ ማረፍ አለበት። ዋኔ እንኳ "በአፌ ይዤ ላምጣልህ" ብላ ነበር፤ ግን ወፍ ናትና መንገድ ላይ መዋጧ አይቀርም። ታገሰ ደግሞ የበኩር ልጅ ነው። እናቱ ሳይመርቁት ቢሞቱ ዕድሜ ልኩን ሆዱ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ያንን ማሰቡ ራሱ አስፈራው።

መንገዱ በኤሊ እግር አንድ በጋና አንድ ክረምት ይፈጃል። "ዛሬ ብነሣ የዛሬ ዓመት ነው የምደርሰው" አለ ታገሰ። "እስከዚያ ብትሞትብኝስ? የለም፣ ፈጥኜ መድረስ አለብኝ!" እንዲህ ብሎ እንዴት እንደሚፈጥን ሲያስብ ሦስት ቀን ቁጭ አለ።

በሦስተኛው ቀን ደላላዋ እመት ጦጢት ከዛፍ ወርዳ መጣች። እመት ጦጢት የሰው እንባ ከሩቅ ይሸታታል።

"ጋሼ፣ ምን ሆነው ያለቅሳሉ?"

"መንገዱ ረዘመብኝ።"

"መንገዱ ምን አደረገዎት? ያጠረው እግርዎ ነው። ግድ የለዎትም፤ አንዲት መኪና አለችኝ። ከባሕር ማዶ የመጣች፣ የጌቶች መኪና። የያዛት ሐኪም ነው፤ እሱም እሑድ እሑድ ብቻ ነው የሚያወጣት። ያውም ሞተሯ እንዳይደክም እየገፋ።"

"ተነድታ አታውቅም ማለት ነው?"

"ታይታ ብቻ ነው የምታውቀው።"

"ታዲያ ለምን ሸጣት?"

"አሳዘነችው" አለች ጦጢት፣ ዐይኗንም በጅራቷ ጠረገች።

ታገሰ መቶ ዓመት የደከመበትን ጎመን መደብ ሰጠ፤ መኪናዋን ወሰደ። እውነት ለመናገር የምታምር ነበረች። ነጭ ናት፣ ረጅም ናት፣ ወንበሮቿ ቆዳ ናቸው። መስታወቷ ላይ ራሱን ቢያይ እሱም ያማረ መሰለው። አጠገቧ ሲደርስ ግን መኪናዋ ከላይ እስከ ታች ገረመመችው።

"የሚገዛኝ ይሄ ነው? እግሩን ይጥረግ!"

ታገሰ አራቱንም እግሮቹን ጠረገ። ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ። ከዚያም አንገቱን አቀርቅሮ "ማን ብዬ ልጥራዎት?" ሲል ጠየቀ።

"እመቤት። አንቺ ያልከኝ ቀን አንድ ጋት አልንቀሳቀስም።"

"እሺ እመቤት። ግን እግሬ ከታች አይደርስም፤ እንዴት አድርጌ እነዳዎታለሁ?"

"እኔ የተማርኩ ነኝ። 'ይሂዱ' ካልከኝ እሄዳለሁ፤ 'ይቁሙ' ካልከኝ እቆማለሁ።"

ከሁለቱ የምትችለው ሁለተኛውን ነበር። ታገሰ ይህን ገና አላወቀም። ደስ ብሎት ዋኔን ጠራና "ሂጂ፣ ለእናቴ 'መኪና ገዝቻለሁ፤ ቁርሴን በልቼ ተነሥቼ ለምሳ እደርሳለሁ' በያት" አላት። ዋኔ በረረች፤ ደረሰች፤ ተመለሰች።

"ነገርሻት?"

"ነገርኋቸው።"

"ምን አለች?"

"ሌላ አላሉም፤ ወዲያው 'ነጠላዬን አምጡልኝ' አሉ።"

"አየሽ!" አለ ታገሰ። "እኔን ለመቀበል ልትለብስ ነው!"

በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ!" ለማለት መጣ። አህያው ጫንያለው ፊተኛውን ጎማ አቅፎ አለቀሰ። "ከእንግዲህ ሸክም ቀረ! ተገላገልሁ!" አለ። ምስኪን። እትዬ ቦራ የተባለችው ላም ደግሞ "እስቲ ወንበሩን ልየው" ብላ ገባች። ተቀመጠች። ተመቻት። አሸተተች። እንደገና አሸተተችና "ወይኔ አጎቴ!" ብላ ጮኸች።

"ምነው እትዬ ቦራ? ምን ሆንሽ?" አለ ታገሰ።

"አጎቴ ነው! ባሕር ማዶ ሄዶ ወሬው የጠፋው አጎቴ ነው! በጠረኑ ዐወቅሁት! ወንበር ሆኖ መጣልኝ!"

"የኋላውስ ወንበር?" አለ ጫንያለው።

እትዬ ቦራ ወደ ኋላ ዞራ አሸተተች። "ሚስቱ ናት!" ብላ የባሰ ጮኸች።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? እድሩ ድንኳን ተከለ። ንፍሮ ተቀቀለ። ለቀስተኛው ሁሉ በመኪናዋ በር እየገባ ወንበሩን ዳብሶ፣ አልቅሶ፣ በወዲያኛው በር ወጣ። መኪናዋ "እኔ የሬሳ ሣጥን አይደለሁም!" እያለች ብትጮህ ሐዘን ነውና ማንም አልሰማትም። ሦስት ቀን አለፈና ታገሰ "አሁን ልሂድ?" ብሎ ጠየቀ።

"አርባው ሳይወጣ? አጎቴ ላይ ተቀምጠህ?" አለች እትዬ ቦራ።

ታገሰ የእድር ሰው ነው፤ ይሉኝታ ያውቃል። ነገር ግን እናቱ በልቡ እየመጡ አላስተኙትም። ዋኔ ይህን አይታ "ጋሽ ታገሰ፣ ለምን በእግርህ አትሄድም? እስካሁን አንደኛውን ጋራ ባጋመስህ ነበር" አለችው።

"መኪና እያለኝ በእግሬ ልሂድ እንዴ?" አለ ታገሰ። "ይልቅ ሂጂና ትንሽ ቆይቼ እንደምመጣ ንገሪልኝ።"

ዋኔ በረረች፤ ደረሰች፤ ተመለሰች።

"ነገርሻት?"

"ቤት አጣኋቸው። ጎረቤቶቻቸው 'ወጥተዋል' አሉኝ።"

"ድግስ ልትጠራ ወጥታ ነው" አለ ታገሰ። "መቼም ለኔ የማታደርገው የለም።"

"ስመለስ ደከመኝና ከሾላው አለፍ ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍሁ" አለች ዋኔ። "ለስላሳ ድንጋይ ነው።"

"ስለ ድንጋይ ማን ጠየቀሽ?" አለ ታገሰ።

አርባው ወጣ። እትዬ ቦራ ወንበሮቹን ነጭ ነጠላ አልብሳ፣ ተሰናብታ፣ ለታገሰ ፈቀደችለት። ታገሰ ነጠላው ላይ ወጣ፤ አንገቱን እስከሚችለው አስረዘመና "ይሂዱ እመቤት!" አለ። እመቤት ሄደች! ነፋሱ ፊቱን ሲመታው ታገሰ በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ። ዛፎች ወደ ኋላ ይሮጣሉ። "እማዬ፣ መጣሁልሽ!" ብሎ ጮኸ።

ዋርካው ጋ ሲደርሱ ከመሪው ሥር አንዲት ትንሽ ቢጫ መብራት ብልጭ አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው።

"ጌታዬ፣ ውኃ ጠማን።"

"ዝም በይ!" አለች መኪናዋ። "ውኃ የሚጠማው ድሃ ነው! አንተ፣ አትስማት። በትውልድ አገሬም እንዲህ ነበረች።"

"ኧረ ጌታዬ፣ በአምላክ፣ ውኃ ብቻ ነው" አለች መብራቷ።

ታገሰ ማንን እንደሚያምን ግራ ገባው። አንዷ ትልቅ እመቤት ናት፤ አንዷ የምስር ክክ የምታህል መብራት። "እስቲ ይቁሙ" አለ። እመቤት ቆመች። "ይሂዱ" አለ። አልሄደችም። "እባክዎ ይሂዱ" አለ። አልሄደችም። "እግርዎ ሥር ልውደቅ፣ ይሂዱ" አለ፤ ወርዶም ከጎማዋ ሥር ወደቀ። እመቤት ወይ ፍንክች።

ጫንያለው ገመድ ይዞ መጣ። "ሸክም ቀረ ብዬ ነበር" አለ እያለከለከ፣ መኪናዋን እየጎተተ። ጋራዡ ከገደሉ ሥር ነው፤ ባለጋራዡም አያ ጅቦ ነው። መቶ እርምጃ ሲቀረው ጫንያለው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ጋሽ ታገሰ፣ እኔ እዚህ ድረስ ነኝ።"

"ምነው? ደረስን እኮ!"

"መድረሳችንማ ነው የከፋው። ሞተር ብቻ የሚበላ ጅብ ሰምተህ ታውቃለህ?" አለና ገመዱን በጥርሱ በጥሶ አቧራ አስነሥቶ ጠፋ። የቀረውን መቶ እርምጃ ታገሰ ራሱ በግንባሩ ገፋት። ሃያ ቀን ፈጀበት።

አያ ጅቦን መካኒክነት ማን አስተማረው? ማንም። በልቶ ነው የተማረው። ኮፈኗን ከፈተ፤ ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው አስገባ፤ ምራቁን ዋጠ።

"ወንድሜ ታገሰ፣ ምን ትላለች?"

"አንዲት መብራት አለች፤ ውኃ ጠማን ትላለች።"

"ውኃ ነው! ውኃ ብቻ ነው!" አለች መብራቷ።

"ሰማህ?" አለ አያ ጅቦ ራሱን እየነቀነቀ። "በሽታዋ ይህች ናት። እንዲህ ጆሮዋ ሥር እየጮኸች ማን ጤና ያገኛል?" ጥቁር ፕላስተር አመጣና በመብራቷ ላይ ለጠፈባት። መብራቷ "ምም! ምም!" አለች። "ይኸው ተሻላት" አለ አያ ጅቦ።

ታገሰን መብራቷ አሳዘነችው። ግን ዝም ሲባል ደስ ይላል፤ እሱንም ደስ አለው። አያ ጅቦ ደግሞ "ከመጣች አይቀር ሆዷን ልየው" ብሎ ሞተሯን ፈታ። ሲፈታ ኅዳር አለቀ፤ ሲገጥም የካቲት አለቀ። ገጥሞ ሲጨርስ ሦስት ቡሎን መሬት ላይ ተርፎ ተገኘ።

"አያ ጅቦ፣ እነዚህስ?"

"ትርፍ ናቸው። ባሕር ማዶዎች ጥጋበኞች ናቸው፤ ቡሎን ያበዛሉ" አለና ሦስቱንም አንድ ባንድ ቆረጣጥሞ ዋጣቸው። "እህ! ጥሩ ብረት ነው። የጌቶች መኪና መሆኗ ያስታውቃል።"

ዋኔ ከአጥሩ ላይ ሆና ይህን ሁሉ አይታ "ጋሽ ታገሰ፣ በእግርህ ብትሄድ እስካሁን አራተኛውን ጋራ ወጥተህ ነበር" አለችው።

"መኪና እያለኝ በእግሬ ልሂድ እንዴ? ያውም ተሠርታልኝ? ሂጂ፣ እየመጣሁ ነው በያት!"

ዋኔ በረረች፤ ደረሰች፤ ተመለሰች።

"ነገርሻት?"

"አሁንም አልገቡም።"

"ዘመዱን ሁሉ እየዞረች እየጠራች ነው። መቼም ጠሪዋ ኤሊ ናት፣ ጊዜ ይወስዳል" አለ ታገሰ። ድምፁ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም።

"ሌላም ነገር አለ" አለች ዋኔ። "ያቺ የነገርኩህ ለስላሳ ድንጋይ ከሾላው አጠገብ አልነበረችም? አሁን ከአራተኛው ጋራ ወዲህ አገኘኋት። አርፌባት መጣሁ። የዚህ አገር ድንጋይ ይሄዳል ልበል?"

"ዋኔ፣ ደክሞሻል፤ ትንሽ ተኚ" አለ ታገሰ።

ከዚያ "ይሂዱ እመቤት!" አለ። እመቤት ሄደች። ከፕላስተሩ ሥር "ምም! ምም! ምም!" የሚል ይሰማል። ታገሰ እንዳይሰማው ዘፈን ዘፈነ። ዋርካውን አለፉ። ድልድዩን አለፉ። አንደኛው ጋራ ግርጌ ሲደርሱ እመቤት ከኮፈኗ ሥር ትፍለቀለቅ ጀመር፤ ጭሱም ሜዳውን ሞላው። ከሩቅ ያየ ሁሉ "ታገሰ ድግስ ደገሰ" ብሎ ሳህን ይዞ መጣ።

ጫንያለው ገመድ ይዞ መጣ። ጎተተ። መቶ እርምጃ ሲቀረው በጥሶ ሮጠ። ታገሰ ገፋ። ሃያ ቀን። አያ ጅቦ ከበሩ ቆሞ ከንፈሩን እየላሰ ጠበቀው።

"አሁንስ ምን ይሻላል?" አለ ታገሰ።

"ልቧ ነው። መለዋወጫ ያስፈልጋል፤ አንዲት የጎማ ቀለበት። ያለችው ግን ባሕር ማዶ ነው።"

"ማን ያመጣታል?"

"ቀንድ አውጣ። የታወቀ ዕቃ አመላላሽ ነው። እስከ ዛሬ አንድ ዕቃ አልጠፋበትም።"

"ደርሶስ ያውቃል?"

"እሱን አላልኩህም" አለ አያ ጅቦ።

ክረምት ገባ። ታገሰ ጠዋት ጠዋት "ዕቃው መጣ?" ይላል፤ አያ ጅቦ "መንገድ ላይ ነው" ይላል። በማግስቱም "ዕቃው መጣ?" "መንገድ ላይ ነው።" ዝናቡ ዘነበ፣ ጭቃው ወፈረ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ነው። አያ ጅቦም በየቀኑ ኮፈኗን ከፍቶ አንድ ነገር ፈትቶ ያወጣል።

"የት ልታደርገው ነው?" ይላል ታገሰ።

"እንዳይዝግ ደረቅ ቦታ ላስቀምጠው።"

እያደር የአያ ጅቦ ሆድ ትልቅ ሆነ፤ ሲራመድም ኳ ኳ ይል ጀመር። ታገሰ ይሰማዋል። ግን መካኒክ ተቆጥቶ ዕቃ ቢጥልበትስ? እናቱ እየጠበቁት መካኒክ ማስቀየም አልፈለገም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዋኔ መጣች። "ጋሽ ታገሰ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብትሄድበት ዛሬ ወንዙን ተሻግረህ፣ ሾላውን እያየህ ነበር" አለችው።

"መኪና እያለኝ በእግሬ ልሂድ እንዴ?" አለ፤ አሁን ግን አፉ ነው እንጂ ልቡ አላለም። "እስቲ ሂጂ፣ እንዴት እንዳለች እይልኝ።"

ዋኔ በረረች፤ ደረሰች፤ ተመለሰች።

"ነገርሻት?"

"ጋሽ ታገሰ፣ ቤቱ ተዘግቷል። ደጁ ላይ ሣር በቅሏል። በሩ ላይ ሸረሪት አድርቷል።"

ታገሰ ራሱን ከነአንገቱ ወደ ድንጋይ ልብሱ ውስጥ ከተተ። ከውስጥ የሚሰማው ልቅሶ ብቻ ነበር። "እናቴን በቁሟ ገደልኋት! ና አለችኝ፣ አልሄድሁም። መኪና አለኝ ብዬ! መኪና አለኝ ብዬ!" ዋኔም አለቀሰች። አያ ጅቦም አለቀሰ፤ እሱ ሲያለቅስ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀጫቀጨ።

ታገሰ አልቅሶ አልቅሶ ሲወጣለት ጭንቅላቱን አወጣና ተነሣ። "ቢያንስ መቃብሯን አያለሁ" አለ። ወደ መኪናዋም ዞሮ "ደህና ሁኚ" አላት።

"ሁኚ? አንቺ አልከኝ?" ብላ ጮኸች መኪናዋ። "በል እንግዲህ አንድ ጋት አልንቀሳቀስም!"

ታገሰ ቀኝ እግሩን አነሣ፤ ግራ እግሩን አነሣ። ከመኪናዋ እስከ ጋራዡ በር ድረስ ሲሄድ ጠዋቱ አለቀ። ዐይኑ በእንባ ተሸፍኖ ስለነበር ከበሩ መሐል የተቀመጠ አንድ ድንጋይ አላየም፤ በግንባሩ ገጨው።

"ተው እንጂ! ዐይን የለህም?" አለ ድንጋዩ።

ታገሰ ደነገጠ። ድንጋዩ እግር አለው። ድንጋዩ አንገት አለው። ድንጋዩ አቧራ የጠጣ ነጠላ ለብሷል።

"እማዬ?"

"ታገሰ? አንተ ነህ?"

"እማዬ! አልሞትሽም?"

"መች ጊዜ አገኘሁ? መንገድ ላይ ነኝ እኮ" አሉ እማማ አቆየሽ።

ዋኔ ክንፏን እያርገበገበች "ለስላሳዋ ድንጋይ!" ብላ ጮኸች።

"አንቺ ወፍ፣ ሁለት ጊዜ ጀርባዬ ላይ አርፈሻል። 'ደህና ነኝ በይልኝ' ልልሽ አንገቴን ሳወጣ ትበሪያለሽ" አሏት።

ታገሰ እናቱን ይዞ አለቀሰ። "እማዬ፣ መቼ ተነሣሽ?"

"መኪና ገዛሁ ያልከኝ ቀን።"

"እመጣለሁ ብዬሽ አልነበር?"

"እሱማ ብለሃል። አባትህም ለሠርጋችን 'ፈጥኜ ልድረስ' ብሎ በቅሎ ገዝቶ ነበር። በቅሎዋ ስታከም፣ ኮርቻዋ ሲሰፋ፣ ቃጭል ሲፈለግላት፣ በሦስተኛው ዓመት ደረሰ። ወዲያው ነጠላዬን አምጡልኝ አልኩ። በል ግንባርህን አምጣ፤ ይህን ሁሉ ጋራ የወጣሁት ለወሬ አይደለም።"

ታገሰ ግንባሩን ሰጠ። እማማ አቆየሽ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን አፋቸው አቧራ ብቻ ነበር። "ውኃ ስጡኝ" አሉ።

"ምምምም!" አለ አንድ ድምፅ ከመኪናዋ ውስጥ።

"ማን ናት?"

"መብራት ናት። ታማ ነው" አለ አያ ጅቦ ቶሎ ብሎ።

እማማ አቆየሽ ቀስ ብለው ሄዱ፤ ቀስ ብለው ወጡ፤ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ላጡት። መብራቷ ዐይኗን አርገበገበችና አንድ ጊዜ ተነፈሰች።

"ውኃ ጠምቶን ነበር" አለች። "አሁን ግን ውኃው ቢመጣም ማስቀመጫ የለንም፤ ሞተር የለንም።"

ሁሉም ወደ አያ ጅቦ ዞሩ። ልክ በዚያ ሰዓት ቀንድ አውጣው "ዕቃ! ዕቃ መጣ!" እያለ በበሩ ገባ። አንዲት የጎማ ቀለበት ቀንዱ ላይ ሰክቷል። አያ ጅቦ ቀለበቷን ተቀበለ። የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ አየ፤ ባዶ ነው። ሆዱን አየ፤ ሙሉ ነው። "እንግዲህ ቦታዋ እዚህ ነው" አለና ዋጣት። ከሆዱ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ገጠመ!" አለ አያ ጅቦ ደስ ብሎት። "በል ታገሰ፣ ሞክራት!"

ታገሰ የለመደው አፉ አመለጠውና "ይሂዱ!" አለ።

እመቤት ዝም። የአያ ጅቦ ሆድ ግን ቡርርር! ብሎ ተነሣ። አራቱም እግሮቹ ሳያዛቸው ሮጡ። "ይቁሙ! ኧረ ይቁሙ!" አለ ታገሰ። ማን ሰምቶ! አጥሩን ጥሶ፣ ዋርካውን አልፎ፣ ድልድዩን አልፎ፣ ሰባቱን ጋራ ተሻግሮ ለምሳ ደረሰ። ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና "እንዲህ ናት ብዬዎት ነበር!" ብላ አጨበጨበች። ጫንያለውም ከዚያን ቀን ወዲህ የጅብ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ ይደነግጣል፤ ያንን ጩኸት አዳምጣችሁት ከሆነ የማይነሣ መኪና ሲያስነሡት የሚሰማው ድምፅ ነው።

እማማ አቆየሽ ውኃ ጠጡ። የልጃቸውን ግንባር ይዘው "እትፍ እትፍ! ጎመንህ ይጽደቅ። እግርህን አያሳጣህ። የሚጠብቅህ አይጥፋ" ብለው መረቁት። ታገሰ እዚያው ደረቅ መሬት ላይ ተንበርክኮ "አሜን" አለ። ሆዱ ሞላ። መኪናም፣ ጎመን መደብም ከሐሳቡ ጠፉ።

"በል ወደ ቤት ውሰደኝ" አሉ።

"እማዬ፣ መንገዱ እኮ አንድ ዓመት ነው።"

"ከልጄ ጋር አንድ ዓመት መሄድ ምን ጠላሁ? በቀን የምንደርስ ቢሆንማ ምሳህን በልተህ ትመለስብኝ ነበር።"

ተያይዘው ሄዱ። በየጋራው ላይ ጠዋት ጠዋት "ግንባርህን አምጣ" ይሉታል፤ እትፍ እትፍ ይሉታል። በዚያ አገር እንደ ታገሰ የተመረቀ ልጅ አልተገኘም። መኪናዋ እዚያው ቀረች። አንዲት ዶሮ በመስኮቷ ገብታ እንቁላል ልትጥል ስትል "እርስዎ በይኝ!" አለቻት። ዶሮዋም "ይፈቀድልኝ እመቤት" ብላ አጎቷ ላይ ጣለችው፤ የእትዬ ቦራን አጎት ማለቴ ነው።

እኔ ተረቴን ጨረስሁ፤ አፌንም ዘጋሁ። እናንተም የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ አሁኑኑ ተነሡና ሂዱ፤ መኪናው ከተሠራ መንገድ ላይ ይደርስባችኋል።